ከሐዋሳ ሆኖ የአንድን ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ዘመን ከዳር እስከ ዳር መከታተል

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሐዋሳ ከነማ ወይም ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ስለዚህ የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተመልካች የለመደውን የሊግ ሥርዓት ይዞ ይመጣና ግራ ይጋባል። የደረጃ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፤ የደርሶ መልስ ጨዋታ ይጠብቃል፤ በ2024 የውድድር ዘመን እንደነበረው 134 ቡድኖች በአንድ እርከን ተሰልፈው እያንዳንዳቸው 12 መደበኛ ጨዋታ ብቻ ካደረጉ ማን ከማን እንደሚበልጥ በምን ይታወቃል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሜሪካውያኑ ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ይህ መመሪያ የሚመክረው ሁሉንም ጨዋታ ለማየት ከመሞከር ይልቅ አንድ ቡድን መርጦ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ያንን ቡድን ብቻ መከተልን ነው፤ ሕጉም፣ ደረጃ አወጣጡም፣ ተቀናቃኞቹም በዚያ ቡድን በኩል ተራ በተራ ይታወቃሉ።

ለማሳያነት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የ2024 ዘመን እንጠቀማለን (በዚህ ጽሑፍ የውድድር ዘመናት የተጠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ቡድኑ በዚያ ዘመን 16 ጨዋታ አድርጎ በ2ቱ ተሸነፈ፤ በራሱ ኮንፈረንስ፣ ማለትም ባለበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ እንኳ አልደረሰም፤ ሆኖም የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የገባው ሰው የውድድሩ ሥርዓት ገብቶታል ማለት ይቻላል።

ቡድን ስለመምረጥ

ብዙ ጀማሪ ባለፈው ዓመት ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ይመርጣል። ነውር የለውም፤ ነገር ግን የኮሌጅ ቡድን እንደ ክለብ አይደለም። አንድ ተጫዋች የሚፈቀድለት የጨዋታ ዘመን የተወሰነ ስለሆነ፣ ጎበዞቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ስለሚሄዱ፣ ሌሎቹም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስለሚችሉ፣ ዘንድሮ የወደዱት ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ማልያው እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ላይሆኑ ይችላሉ። በመሆኑም ምርጫው ከተጫዋች ይልቅ በቦታ ላይ ቢመሠረት ይሻላል። እኛ ደግሞ ቦታ የምንመርጥበት ቀላል መንገድ አለን፤ ዘመድ የሚኖርበትን ከተማ ማየት ነው። አክስቱ ሲያትል ያለች ሰው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን፣ ሚኒያፖሊስ ወንድም ያለው የሚኒሶታን፣ ቤተሰቡ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሆነ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘውን የሜሪላንድን፣ አትላንታ ዘመድ ያለው ጆርጂያ ቴክን፣ ኮሎምበስ ያለው ደግሞ ኦሃዮ ስቴትን ሊይዝ ይችላል። ኮሎምበስ ያለው ስታዲየም ከ102 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስለሆነ በጨዋታ ቀን ከተማው ሌላ ጨዋታ የለውም፤ ዘመድዎ ኳስ ባይወድ እንኳ ቡድኑ ማሸነፉንና መሸነፉን ከሥራ ባልደረቦቹ ፊት ያነበዋል። ደግሞም ስልክ ሲደወል ከጤናና ከአየር ጠባይ ቀጥሎ የሚጠየቅ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቦታው ቀጥሎ የሚታየው ቡድኑ ያለበት ኮንፈረንስ ነው። ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ሲሆን ትልልቆቹ አራት ናቸው፤ ኤስኢሲ፣ ቢግ ቴን፣ ቢግ 12 እና ኤሲሲ። ኖትር ዳም የተባለው ታዋቂ ቡድን ግን በፉትቦል የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል አይደለም። ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ያለ ቡድን መምረጥ ይመከራል፤ ምክንያቱም ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን ይተላለፋሉ፣ ቅንጭባቸውም በዩቲዩብ በቶሎ ይገኛል። የተመረጠው ቡድን ደካማ ከሆነም ዘመኑ ትርጉም አያጣም፤ 6 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ ከሚደረጉት ቦውል ከሚባሉት ጨዋታዎች ወደ አንዱ ሊጋበዝ ስለሚችል፣ ብዙ ደጋፊ ኅዳር ላይ የሚጨነቀው ለዋንጫ ሳይሆን ለዚያች ስድስተኛ ድል ነው።

ሰዓቱንና ቀኑን ስለማስላት

ከሐዋሳ ለሚከታተል ሰው ከሕጉ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። በአሜሪካ የቴሌቪዥን መርሐ ግብር ላይ የሚጻፈው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት ነው፤ ጨዋታው የሚካሄደው በምዕራብ ጠረፍ ቢሆንም እንኳ። ዘመኑ ሲጀመር በእኛና በምሥራቅ ጠረፍ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከዓለም አቀፉ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ዝቅ አድርገን ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚቀረው 1 ስለሆነ፣ መርሐ ግብሩ ላይ በተጻፈው ሰዓት ላይ 1 ብቻ መደመር በቂ ነው። የቀትር 12 ሰዓት ጨዋታ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ 3፡30 የተባለው ከምሽቱ 4፡30፣ ማታ 7፡30 የተባለው ደግሞ ከሌሊቱ 8፡30 ይሆናል። አሜሪካውያኑ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ማለትም በእኛ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ፣ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደመረው 2 ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ከዘመኑ በጣም ወሳኝ በሆነው ወር አንድ ሰዓት ቀድሞ ከእንቅልፉ ይነሣል። ስልክ ላይ የሚጫኑ የስፖርት መተግበሪያዎች ሰዓቱን ራሳቸው ወደ አገራችን የሚለውጡ በመሆናቸው፣ በመተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ድጋሚ እንዳይደምር ይጠንቀቅ፤ የቅዳሜ ማታው ጨዋታ እዚያ ላይ የሚታየውም በእሑድ ስም ነው።

የዘመኑ መንገድ ከእኛ የቀን መቁጠሪያ ጋር ሲተያይ ለማስታወስ ይቀላል። ኦሃዮ ስቴት የ2024ን ዘመን የጀመረው ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአክሮን ጋር ተጫውቶ 52 ለ6 በማሸነፍ ነው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ጳጉሜን 2 ዋለ፤ የኮንፈረንሱ ግጥሚያዎች የተጀመሩት በመስቀል ማግሥት ነበር። ከሚሺጋን ጋር ያደረገው ትልቁ የተቀናቃኞች ጨዋታ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ዕለት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጀመረ። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ተከብሮ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ለጥር 13 አጥቢያ ከሌሊቱ 9፡30 ላይ ነበር። ቀኖቹ በየዓመቱ በጥቂቱ ይዋልላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ቡድኑ የማይጫወትባቸው ሳምንታትም እንዳሉ አይዘንጋ፤ ኦሃዮ ስቴት በዚያ ዘመን ሁለት ቅዳሜ አርፏል።

አራቱ ሙከራዎች

ሕጉን በሙሉ ማጥናት አያስፈልግም። አንድ ነገር በሚገባ መያዝ ግን ግድ ነው፤ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። 10 ያርድ በእኛ ኳስ ቅጣት ምት ሲመታ የተከላካዮች ግድግዳ ከኳሷ የሚርቀው ያህል ነው። 10ሩን ያርድ ከሞላ አራት ሙከራ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ካልሞላ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ሙከራው ዳውን ይባላል፤ ተንታኞቹ በየደቂቃው የሚጠሩት ሁለት ቁጥርም ይህንኑ የሚመለከት ነው። የመጀመሪያው ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ስንት ያርድ እንደቀረ ይናገራል። «3 እና 7» ከተባለ ሦስተኛው ሙከራ ነው፣ 7 ያርድ ይቀራል ማለት ነው። ቀጥሎ የቡድን ስምና አንድ ቁጥር ይመጣል፤ ይህ ኳሷ ያለችበት መስመር ነው። ሜዳው 100 ያርድ ሲሆን ቁጥሩ ከሁለቱም ጫፍ ተነሥቶ መሐል ሜዳ ላይ 50 ይደርሳል፤ ስለዚህ «በኦሃዮ ስቴት 34» የሚለው ከኦሃዮ ስቴት ጫፍ 34 ያርድ ማለት ነው እንጂ ከተጋጣሚው ጫፍ አይደለም። ይህን አንድ መስመር ማንበብ የቻለ ሰው ምስል ሳያይ በጽሑፍ ብቻ ጨዋታ መከታተል ይችላል፤ ይህም ኢንተርኔት በሚያስቸግርበት ሌሊት ያለው ጥቅም ከዚህ በታች ይታያል።

በአራተኛው ሙከራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ አይሞክርም። ጎሉ ቅርብ ከሆነ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በእግር ይመታል፤ ሩቅ ከሆነ ተጋጣሚው ከርቀት እንዲጀምር ኳሷን አርቆ ይለጋዋል። አራተኛውን መሞከር ቁማር ነው፤ ቁማሩ ግን አንዳንዴ ግድ ይሆናል። የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር የታየበት አንድ ቅጽበት በ2024 ዘመን በግማሽ ፍጻሜው ላይ ይገኛል። ኦሃዮ ስቴት ቴክሳስን 21 ለ14 እየመራ ሳለ ቴክሳስ ጎሉ አፍ ላይ ደረሰ፤ 1 ያርድ ብቻ ቀረው፣ አራቱም ሙከራ በእጁ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ሰብሮ መግባት አቃተው። በሁለተኛው ኳሱን ወደ ጎን አውጥቶ በዳር ለመዞር ሲሞክር 7 ያርድ ወደኋላ ተገፋ። ሦስተኛው ቅብብል መሬት ወደቀ። አራተኛው ላይ ጃክ ሶየር የተባለው የኦሃዮ ስቴት ተከላካይ የመከላከያውን መስመር ጥሶ ኳሱን ከወርዋሪው ከክዊን ዩወርስ እጅ አስጣለ፤ ራሱም አንሥቶ 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ይቀረው ነበር። አቻ ሊሆን የነበረው ጨዋታ 28 ለ14 አለቀ። የዚህን ቅጽበት ቅንጭብ በዩቲዩብ አግኝቶ ሦስት አራት ጊዜ ማየትና በየሙከራው እያቆሙ ቁጥሩን ማንበብ፣ ረጅም የሕግ ማብራሪያ ከማንበብ በእጅጉ ይሻላል።

ነጥቡ እንዲህ ነው። ኳሷን ይዞ ወይም ተቀብሎ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። ከዚያ በኋላ በእግር መትቶ 1 ነጥብ መጨመር፣ ወይም ከቅርብ ርቀት እንደገና ለመግባት ሞክሮ 2 ነጥብ መጨመር ይቻላል። በሙከራ መሐል በእግር የሚገባው ፊልድ ጎል 3 ነጥብ ነው። ኳስ የያዘውን ቡድን በራሱ የመጨረሻ ዞን ውስጥ የጣለ ተከላካይም 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም። ከእነዚህ ቁጥሮች የሚወጣው ዋናው ትምህርት የ8 ነጥብ ልዩነት በአንድ ጊዜ ኳስ መያዝ የሚካካስ መሆኑ ነው። በፍጻሜው ኦሃዮ ስቴት ኖትር ዳምን 31 ለ7 መርቶ ነበር፤ ኖትር ዳም ሁለት ጊዜ ታችዳውን አስቆጥሮ ሁለቱንም ጊዜ ባለ 2 ነጥቡን ስለጨመረ 31 ለ23 ሆነ፤ ልዩነቱ 8 ማለት ነው። ለሦስት ሰዓታት የተዘናጋው ደጋፊ ሁሉ ቁጭ ብድግ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ኦሃዮ ስቴት 3 እና 11 ላይ ደረሰ፤ ካልሞላ ኳሷን ማስረከቡ ነበር። ዊል ሃዋርድ የተባለው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ተጫዋች፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለነበረው ለጄረማያ ስሚዝ አርቆ ወረወረለትና 56 ያርድ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው 3 ነጥብ ልዩነቱን 11 ስላደረሰው ጨዋታው እዚያው አበቃ፤ 34 ለ23።

ጨዋታው አራት የ15 ደቂቃ ክፍሎች አሉት፤ ነገር ግን ሰዓቱ እየቆመ ስለሚሄድ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ይፈጃል። ቆም ቆም ማለቱ ለለመደው ሰው ዕረፍት እንጂ መሰልቸት አይደለም፤ በየመሐሉ ያለው ጊዜ የሚቀጥለውን ሙከራ ለመገመት ነው፤ ግምት የማይወድ ሰው ይህ ጨዋታ አይስማማውም። ሰዓቱ ራሱ እንደ ተጋጣሚ የሚሆንበትን ሁኔታ ለማየት ጥቅምት ላይ ኦሃዮ ስቴት በኦሪገን 32 ለ31 የተሸነፈበትን ጨዋታ መጨረሻ ይመልከቱ። ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ሃዋርድ ኳሱን ይዞ ወደፊት ሮጠና ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቦታው ፊልድ ጎል ለመሞከር ያስችል ነበር፤ ሲነሣ ግን ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ፕሮፌሽናሉን ሊግ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ልዩነቶችን ይያዝ። በኮሌጅ ኳስ ለቀለበ ተጫዋች አንድ እግር ሜዳ ውስጥ መርገጥ ይበቃዋል። ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው እንኳ ጉልበቱ መሬት ከነካ ሙከራው ያበቃል። በጭማሪ ሰዓትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ከተጋጣሚው 25 ያርድ ላይ ይጀምራሉ።

ስለ ደረጃ

በየሳምንቱ የስፖርት ጋዜጠኞች 25 ምርጥ ቡድኖችን በድምፅ ይመርጣሉ፤ ይህ ልማድ ከ1936 ጀምሮ አለ። ለወሬ ጥሩ ነው፤ ዋንጫውን ግን አይወስንም። የሚወስነው ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ዝርዝሩን የሚያወጣው የፕሌይኦፍ ኮሚቴ ነው፤ ፕሌይኦፍ ማለት በዘመኑ መጨረሻ ሻምፒዮኑ የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ኮሚቴው የሚያየው ስንት ጊዜ አሸነፈ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማንን፣ የት አሸነፈ የሚለውንም ነው፤ ስለዚህ የተመረጠው ቡድን ጨዋታ በሌለው ቅዳሜም እንኳ ዘመኑ ይቀጥላል። ቀድሞ ያሸነፋቸው ቡድኖች ባሸነፉ ቁጥር የራሱ ድል ይከብዳል፤ በተሸነፉ ቁጥር ይቀላል። ኦሃዮ ስቴት ፔን ስቴትን በራሱ በፔን ስቴት ሜዳ 20 ለ13፣ ኢንዲያናን ደግሞ 38 ለ15 ማሸነፉ እስከ መጨረሻው ጠቅሞታል፤ ሁለቱም በኋላ ወደ ፕሌይኦፍ የገቡ ቡድኖች ናቸውና።

ከዚያ ኅዳር 21 ምሽት መጣ። ሚሺጋን በዚያ ዘመን ደካማ ነበር፤ ወደ ጨዋታው ሲገባ 6 አሸንፎ 5 ተሸንፏል። ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው 13 ለ10 ተሸነፈ፤ ሁለት ፊልድ ጎልም ሳተ። አሠልጣኙ ራያን ዴይ በተከታታይ ለአራተኛ ጊዜ በሚሺጋን በመሸነፉ ይባረር የሚለው ጩኸት በረታ። በሊግ ሥርዓት ያደገ ተመልካች በዚህ ጊዜ ዋንጫው አለቀ ብሎ መከታተሉን ሊያቆም ይችላል፤ ማቆም የለበትም። ከ2014 እስከ 2023 ዘመን በነበረው ሥርዓት ወደ ፕሌይኦፍ የሚገቡት 4 ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ እንዲህ ያለ ሽንፈት ብዙውን ጊዜ የዘመኑ መጨረሻ ነበር። ከ2024 ጀምሮ ግን የሚገቡት 12 ሆኑ። ኦሃዮ ስቴት በ8ኛ ደረጃ ገባ፤ ቴነሲን በኮሎምበስ 42 ለ17 አሸነፈ፤ ቀጥሎ ሩብ ፍጻሜው በተደረገበት በሮዝ ቦውል ያገኘው ያንኑ ጥቅምት ላይ በአንድ ነጥብ ያሸነፈውን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልተሸነፈውን ኦሪገንን ነበር። በሁለተኛው ክፍል 34 ለ0 መራው፤ 41 ለ21 ጨረሰው። ያ ውጤት ምን ያህል አስደናቂ እንደነበር የሚገባው የጥቅምቱን ሌሊት ለተከታተለ ሰው ነው፤ አንድን ቡድን ዘመኑን ሙሉ መከተል ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

የ12ቱ አገባብ በአጭሩ ይህ ነው። በ2024 እና በ2025 ዘመን ከኮንፈረንስ አሸናፊዎች መካከል በደረጃ ለሚቀድሙት አምስቱ ቦታ ተጠብቆላቸዋል፤ ቀሪው በኮሚቴው ደረጃ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ያርፋሉ፤ ከ5 እስከ 8 ያሉት በገዛ ሜዳቸው ያስተናግዳሉ። በ2024 ዕረፍቱ የተሰጠው ለኮንፈረንስ አሸናፊዎች ብቻ ነበር፤ አራቱም አርፈው መጥተው በመጀመሪያ ጨዋታቸው ወደቁ። ከ2025 ዘመን ጀምሮ ዕረፍቱ ለአራቱ ከፍተኛ ደረጃ ሆኗል። ሥርዓቱ ገና እየተቀያየረ ያለ ስለሆነ በየነሐሴው አንድ ጊዜ ማጣራት ያስፈልጋል።

የትኛውን ሌሊት መንቃት

ሐዋሳ የሚኖር ሰው 12ቱንም ጨዋታ በቀጥታ ላየው ቢል ሥራውም ትምህርቱም ይበደላል። በዘመኑ መጀመሪያ የሚደረጉት ግጥሚያዎች አብዛኞቹ ከአነስተኛ ተጋጣሚዎች ጋር ናቸው፤ ኦሃዮ ስቴት ዌስተርን ሚሺጋንን 56 ለ0 ያሸነፈበትን ሌሊት ነቅቶ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአሥር ደቂቃ ቅንጭብ ይበቃዋል። መርሐ ግብሩ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ተቀምጦ ሦስት ወይም አራት ጨዋታ መምረጥ ይሻላል። አንዱ በውጭ ሜዳ ከጠንካራ ቡድን ጋር የሚደረገው፣ ሌላው በኅዳር የሚደረገው የተቀናቃኞች ጨዋታ፣ የቀሩት ደግሞ በደረጃ ዝርዝሩ ላይ ካሉ ቡድኖች ጋር የሚደረጉት ይሁኑ። ከምሽቱ 4፡30 ወይም 5፡30 የሚጀምሩትን ቅድሚያ መስጠት ይመከራል፤ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ያበቃሉ፣ ሰውም ከዚያ በኋላ ይተኛል።

የምሽት 1 እና 2 ሰዓቱ ጨዋታ ለእንቅልፍ የተመቸ ቢሆንም ሌላ እንቅፋት አለበት። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ቅዳሜ ምሽት በዚያው ሰዓት የሚታየው የፕሪሚየር ሊጉ የማታ ጨዋታ ነው፤ ወንበር ሁሉ ተይዞ እያለ አሜሪካ ይከፈትልኝ የሚል ሰው መልሱን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ባለቤቱ ሁለተኛ ስክሪን ካለውና ደንበኛው ከሆኑ ሐሙስ ወይም ዓርብ ቀደም ብሎ አነጋግሮ፣ ቻናሉ ጨዋታውን ማስተላለፉንም አረጋግጦ መያዝ ይቻላል። ከሌሊቱ 8፡30 የሚጀምረው ግን የቤት ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚኖር ተማሪ ማዳመጫ ይጠቀም፤ ታችዳውን ሲቆጠር የሚጮህ ሰው በሁለተኛው ቅዳሜ አልጋው ውጭ ይጠብቀዋል።

መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስልክና ፓወር ባንክ ከምሽቱ ሞልቶ ማደር አይረሳ። የኢንተርኔት ጥቅል ሲገዛ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ የምስሉ ጥራት ወደ 360 ወይም 480 ዝቅ ከተደረገ በትንሽ ስልክ ላይ የሚታይ ልዩነት የለውም። የሌሊት ጥቅል የሚገዛ ሰው የሚያበቃበትን ሰዓት ያጣራ፤ ጥቅሉ በአራተኛው ክፍል መሐል ካለቀ በዋናው ሒሳብ መቁጠር ይጀምራል። ኔትወርኩ ከደከመ ምስሉን ትቶ በስፖርት መተግበሪያ ላይ በጽሑፍ የሚወጣውን የየሙከራውን ዝርዝር መከተል ይቻላል፤ «3 እና 7» ማንበብ የለመደ ሰው በጥቂት ሜጋባይት ሙሉ ጨዋታ ያያል። በግሌ በደካማ ኔትወርክ ተንጠልጥሎ ከሚቆም ምስል ይልቅ ጽሑፉን እመርጣለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ምርጫው ይጠባል። ሐዋሳ ለገብርኤል በዓል በእንግዳ በምትሞላበት በታኅሣሥ 19 ሰሞን በየዕለቱ የሚተላለፉት ቦውሎች አብዛኞቹ ለዋንጫው ድርሻ የላቸውም፤ ብዙ ተጫዋቾችም ለፕሮፌሽናሉ ሊግ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይቀሩባቸዋል፤ ቢያልፉ አይቆጩም። የመረጡት ቡድን ፕሌይኦፍ ከገባ ግን ሩብ ፍጻሜውን ጨምሮ የሚቀረውን ሁሉ መንቃት ነው። ሩብ ፍጻሜው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አካባቢ፣ ግማሽ ፍጻሜው ገና ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ፍጻሜው ደግሞ በጥር ሁለተኛ ሳምንት ሰኞ ማታ፣ በእኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ይሆናል። ማክሰኞ የሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከፍጻሜው በኋላ

ቡድኑ ከፍጻሜው ማግሥት ጀምሮ ይበተናል፤ ይህን ያላወቀ ደጋፊ በሚቀጥለው ነሐሴ እንግዳ ቡድን ያገኛል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩበት መስኮት ይከፈታል፤ ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት ስለተፈቀደላቸው፣ ከ2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ስለሚችሉ፣ ዝውውሩ የክለብ ዝውውር መልክ ይዟል። በኤፕሪል ደግሞ የፕሮፌሽናሉ ሊግ ምልመላ አለ። ስለዚህ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ይያዙና የሄደውን ይሰርዙ፣ የመጣውን ይጻፉ፤ በተለይ ኳርተርባኩና ከፊቱ ሆነው የሚከላከሉለት አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች እነማን እንደሆኑ ይታወቅ፤ የሚቀጥለው ዘመን አጥቂ ክፍል በአብዛኛው የሚወሰነው በእነርሱ ነውና። የሚቀጥለው ዓመት ተጋጣሚዎች ስም በዚያን ጊዜ የታወቀ ስለሆነ ከዝርዝሩ ግርጌ መጻፍ ይቻላል፤ የየጨዋታው መጀመሪያ ሰዓት ግን በአብዛኛው የሚቆረጠው ጨዋታው ሲቃረብ ስለሆነ፣ ሰዓቱን ሰኞ ወይም ማክሰኞ እያዩ 1 ወይም 2 መደመር ነው።